ቁጥር ቶሎ፣ ስም በጥንቃቄ፦ ከጅምላ ግድያ በኋላ የሟቾችን ማንነት የመለየት ዝርዝር መመሪያ

ግድያው ባለፈ ማግስት ሁሉም ሰው የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ አስከሬኑ ቶሎ እንዲነሣ፣ ቶሎ አፈር እንዲለብስ። ምኞቱ ከክብር የመነጨ ስለሆነ ማንንም አያስነቅፍም። ዳሩ ግን ቤተሰብ ዓመታት ሙሉ የሚሸከመው ጭንቀት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ጥድፊያ ነው። ኪሱ ሳይታይ፣ ፎቶግራፍ ሳይነሣ፣ የተቀበረበት ቦታ ሳይመዘገብ አፈር የለበሰ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በቤተ ሙከራ ይፈለጋል። እናቱም እርሟን ሳታወጣ ደጅ ደጁን ስታይ ትኖራለች።

ይህ መመሪያ በቅድሚያ የተጻፈው ከባለሙያ በፊት ቦታው ላይ ለሚደርሱ ነው፦ ለጤና ሠራተኞች፣ ለበጎ ፈቃደኞች፣ ለፖሊስ አባላት፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ አስከሬን ለማንሣት ለሚወጡ ጎረቤቶች። ዘመድ የጠፋባቸው ደግሞ ከስድስተኛው ክፍል ጀምሮ ያለውን ለራሳቸው ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። የአጽም ምርመራና የዲኤንኤ ሥራ የባለሙያ ነው፤ ሆኖም ባለሙያው ሊመረምር የሚችለው እናንተ ያቆያችሁለትን ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ቁጥር ለመስጠት ፍጠኑ፣ ስም ለመስጠት ግን አትፍጠኑ። የተሳሳተ ስም ሁለት ቤተሰብ ይበድላል፤ አንደኛው የሌላ ሰው ልጅ ቀብሮ ያለቅሳል፣ ሌላኛው ልጁ ተገኝቶ ሳለ ፍለጋውን ይቀጥላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከመንካታችሁ በፊት

በሕይወት ያሉት ይቀድማሉ፤ ቁስለኛ ሳይነሣ አስከሬን አይነሣም። ቀጥሎ የራሳችሁ ደኅንነት ነው። በአስከሬን ሥር ፈንጂ ማጥመድ በዓለም አቀፍ ሕግ የተከለከለ ቢሆንም ሲደረግ ታይቷልና ጥርጣሬ ካለ የፈንጂ ባለሙያ ሳያየው አትጠጉ።

ቦታው የወንጀል ስፍራም መሆኑን አስታውሱ። መርማሪ ወይም ዓቃቤ ሕግ ሊደርስ የሚችል ከሆነ ጠብቁት፤ የማይደርስ ከሆነ አስከሬኑን ከማንሣታችሁ በፊት እንዴት እንደ ወደቀ፣ እጁ ታስሮ እንደሆነ፣ ዙሪያው ምን እንዳለ መዝግቡ። የታሰረበትን ገመድ አትፍቱ፣ ዓይኑ የተሸፈነበትን ጨርቅ አታውልቁ። በሕገ ወጥ መንገድ የተፈጸመ ሞት እንዴት እንደሚመረመር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣው መመዘኛ አለ፤ የሚኒሶታ ፕሮቶኮል ይባላል፣ በ1991 ወጥቶ በ2016 ተሻሽሏል። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶችም ተዋጊ ወገኖች ሙታንን እንዲፈልጉና ማንነታቸውን ለመለየት የሚረዳውን ሁሉ እንዲመዘግቡ ያስገድዳሉ። የ1977ቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ቤተሰብ የዘመዶቹን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳለው በ32ኛው አንቀጽ ይናገራል። ስለዚህ የሚከለክላችሁ ባለሥልጣን ካለ የምትለምኑት ውለታ አይደለም።

የበሽታ ፍርሃትን በተመለከተ ግልጽ ልሁን፤ ብዙ ጥፋት ያደረሰ ፍርሃት ነውና። በጥይት፣ በስለት ወይም በእሳት የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያመጣም። በኮሌራ ወይም በኢቦላ የሞተ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ የራሱ ጥንቃቄ አለው። አስከሬን የሚያነሣ ሰው ጓንትና ቦት ጫማ ያድርግ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ አስከሬን የመጠጥ ውሃ ውስጥ አይተው። ኖራ መነስነስና ፀረ ተዋሲያን መርጨት ግን አያስፈልግም። «በሽታ ይመጣል» ተብሎ በችኮላ የተቆፈረ የጅምላ ጉድጓድ ለሕያዋኑ ምንም ሳይጠቅም የሙታኑን ስም ይቀብራል።

2. ቁጥር

ለእያንዳንዱ አስከሬን አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር አይለወጥም፣ ለሌላም አይደገምም። የሚሠራው ከሦስት ነገር ነው፦ ከተገኘበት ቦታ፣ ካነሣው ቡድንና ከተራ ቁጥር። «ድልድይ–2–014» ሲባል በድልድዩ አጠገብ ሁለተኛው ቡድን ያነሣው አሥራ አራተኛው አስከሬን ማለት ነው። ሁለት ቡድኖች እየተለያዩ ሲሠሩ ሁለቱም «14» ብለው ሊጽፉ ይችላሉና የቡድኑ መለያ አይቅር። ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም ጻፉት፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ አሽጉት፣ በእጅ አንጓ ወይም በቁርጭምጭሚት እሰሩት። ልብስ ላይ አትስኩት፤ ልብስ ይወልቃል። ሁለተኛው ቅጂ አስከሬኑ የተጠቀለለበት ላስቲክ ወይም ጨርቅ ላይ ይሁን።

የተቆራረጠ አካል ካለ እያንዳንዱ ክፍል እንደ አንድ ሰው የራሱን ቁጥር ያገኛል። «ይህ እጅ የዚህ ነው» ብላችሁ ሜዳ ላይ አትገጣጥሙ፤ ቢመስላችሁም፣ አጠገቡ ቢወድቅም። በ2001 በኒው ዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል 2,753 ሰዎች ሲሞቱ የተሰበሰበው የአካል ክፍል ወደ 22,000 ይጠጋ ነበር። የትኛው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በዲኤንኤ ይለያል፤ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ግን ገና አልተለዩም። በሜዳ ላይ በግምት የተሰጠ ውሳኔ እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል አስቡት።

መዝገቡን አንድ ሰው ይያዝ፤ ጽሑፉ የሚነበብ፣ የማይጣደፍ ሰው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን (ስልክ ካለ የካርታ ነጥቡን)፣ ማን እንዳነሣው፣ ከየትኛው ቁጥር አጠገብ እንደተገኘ ይጻፍ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰዎች ሲሞቱ ከወንድማቸው፣ ከጎረቤታቸው፣ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር አብረው ይወድቃሉ፤ የአንዱ ማንነት ሲታወቅ አጠገቡ የነበረውን ለመፈለግ በር ይከፍታል። የመዝገቡ ቅጂ በዚያው ቀን ማታ ሌላ አስተማማኝ ቦታ ይቀመጥ።

3. ፎቶግራፍ

በሞቃት አካባቢ ፊት የሚታወቅ ሆኖ የሚቆየው ከ12 እስከ 48 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራው ነገ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፣ በስልክ አንሱ። ቁጥሩ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ መታየት አለበት፤ ቁጥር የሌለው ፎቶግራፍ የማን እንደሆነ በሳምንቱ ይጠፋል። ቢያንስ የሚከተሉት ይነሡ፦ ከራስ እስከ እግር ሙሉ አካል ከፊት፣ ፊቱ ብቻ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያም ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ የጎደለ ጣት፣ የተሰበረ ጥርስ የመሰለ መለያ ሁሉ። ጊዜ ካላችሁ የላይኛው አካልና የታችኛው አካል ለየብቻ፣ ልብሱም ንብረቱም።

ፊት ላይ ደም ወይም ጭቃ ካለ መጀመሪያ እንዳለ አንሡት፣ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጠርጋችሁ ድገሙት። ካሜራው ከአስከሬኑ ጎን ሳይሆን ከበላዩ በቀጥታ ይሁን፤ በጎን የተነሣ ፊት ይጣመማል። ፎቶግራፎቹን በማኅበራዊ መገናኛ ላይ መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም። አንዲት እናት የልጇን ሞት በስልኳ ስታገላብጥ ማየት የለባትም፤ ደግሞም በይፋ የወጣ ፎቶግራፍ በኋላ የሚሰጠውን ምስክርነት ሁሉ ያደፈርሰዋል።

4. ልብስ፣ ኪስ፣ የእጅ ሥራ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ገላጭ ጽሑፍ ዋጋ የሚኖረው የቤቱ ሰው ብቻ ሊያውቀው በሚችለው ዝርዝር ነው። «ግራጫ ካልሲ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም። «ግራጫ የሱፍ ካልሲ፤ የቀኝ ተረከዙ ተቀድዶ በቡናማ ክር በእጅ የተሰፋ፤ ስፌቱ ከቀኝ ወደ ግራ የተጋደመ፤ ክሩ ውስጥ በኩል ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል» ያለ ግን ያንን ካልሲ የሰፋችውን እጅ ለመጥራት ተቃርቧል። ለሸሚዝም እንዲሁ፤ ስንት ቁልፍ አለው፣ የትኛው ከሌሎቹ የተለየ ነው፣ ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቷል ወይ? ለጫማ ቁጥሩን፣ ማሰሪያው በምን እንደተተካ፣ ከሥር የትኛው ጎን እንዳለቀ።

ኪስ ሁሉ ይፈተሽ፣ የተሰፋ ሽፋን ሁሉ ይዳሰስ። ሰው በክፉ ቀን ወረቀትና ገንዘብ በልብሱ ውስጥ ይሰፋል። ቁልፍ ከተገኘ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ አንድ ቀን የሆነ በር ሊከፍት ይችላል። እያንዳንዱ ንብረት የአስከሬኑን ቁጥር ይዞ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። እርጥብ ልብስ በፕላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል፣ ስለዚህ በጥላ ይድረቅ። ማንም ምንም አይውሰድ፤ ርካሽ ቀለበትም ቢሆን።

ከቦስኒያ ጦርነት በኋላ ከጅምላ መቃብር የወጡ ልብሶችና ዕቃዎች ፎቶግራፍ በአልበም ታትሞ ለቤተሰቦች ይታይ ነበር፤ የራሳቸውን የእጅ ሥራ ያገኙም ነበሩ። ቢሆንም ልብስ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የሚሸሹ ሰዎች ኮት ይዋዋሳሉ፣ ወንድም የወንድሙን ሱሪ ይለብሳል፣ አንዱ የወደቀውን ጓደኛውን መታወቂያ ለቤተሰቡ ሊያደርስ ኪሱ ውስጥ ይከታል። መታወቂያ የተገኘበት አስከሬን የመታወቂያው ባለቤት ነው ብላችሁ አትዝጉት።

5. ማቆየት፣ ካልሆነም በጊዜያዊነት መቅበር

የሚመረጠው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ማቀዝቀዣ ነው፤ ቀዝቃዛ ሸቀጥ የሚያጓጉዝ ኮንቴይነርም ያገለግላል። ውሃ ከመሆን የማይመለስ ተራ በረዶ አትጠቀሙ፤ ሲቀልጥ ጉዳቱ ይበዛል።

ማቀዝቀዣ ከሌለ ጊዜያዊ ቀብር ከሁሉ ይሻላል፤ መሬት ከውጭው ይልቅ ቀዝቃዛ ነውና። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ያህል ይሁን፣ ከመጠጥ ውሃ ምንጭ ቢያንስ 200 ሜትር ይራቅ። አስከሬኖቹ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ፣ በአንድ ረድፍ ይቀመጡ፤ አንዱ በሌላው ላይ አይደረብም። የእያንዳንዱ ቁጥር ከአስከሬኑ ጋር ከታች፣ ከላይም በመሬቱ ላይ ይኑር፤ ንድፉ በመዝገቡ ላይ ይሳል። ማንነቱ ያልተለየን ሰው ማቃጠል ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ የሚመለስበት መንገድ የለም።

6. የቤተሰቡ ወገን

እስካሁን የሠራችሁት ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በሕያዋን ትዝታ ውስጥ ነው፤ እኔ እንደማምነው ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው።

የጠፉትን የሚመዘግብ አንድ ቦታ ይኑር። በየቢሮው የተለያየ ዝርዝር ሲያዝ ያው ሰው በእናቱ፣ በሚስቱና በአጎቱ በሦስት ዓይነት ስም ይመዘገባል፤ ቁጥሩ ይበዛል፣ ፍለጋው ይደናገራል። ስለዚህ ሙሉ ስም፣ የቤት ስም፣ የቅጽል ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የወላጆች ስም ይያዝ። የመጨረሻ ጊዜ ማን አየው፣ የት፣ ምን ለብሶ፣ ከማን ጋር? የጠፋ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለምና ስሞቹን ከሆስፒታል፣ ከእስር ቤትና ከስደተኛ መጠለያ ዝርዝሮች ጋር አስቀድማችሁ አመሳክሩ። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ቤተሰብን የማገናኘት አገልግሎት ለዚህ ይረዳል።

ጥያቄው እንዴት እንደሚጠየቅ ልዩነት ያመጣል። አንዲት እናት ፊት ተቀምጣችሁ «የልጅዎ ጥርስ እንዴት ነበር?» ብትሏት «ደህና ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ስለ ልጇ ጥርስ በዚያ መልክ አስባ አታውቅም። «ሲስቅ መጀመሪያ የሚታየው ምኑ ነው?» በሏት። ትንሽ ዝም ትላለች፤ ከዚያ አመልካች ጣቷን ወደ ራሷ የላይኛ ጥርስ ታነሣና «ይችኛዋ በይቺኛዋ ላይ ትወጣለች፣ ልጅ ሆኖ ከደረጃ ወድቆ ነው» ትላለች። አሁን ለጥርስ ሐኪሙ የሚሆን መረጃ አገኛችሁ፤ ጣቷ የነካው የትኛውን እንደሆነም በንድፍ ላይ ምልክት አድርጉ፣ «የፊት ጥርስ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ስለ ስብራትም «አጥንቱ ተሰብሮ ያውቃል ወይ?» ከማለት «ጄሶ ታስሮለት ያውቃል ወይ? ዝናብ ሲመጣ የሚያመው ቦታ ነበረው ወይ?» ማለት ይሻላል። ተሰብሮ የገጠመ አጥንት ምልክቱ ከሞት በኋላም ይኖራል።

ቁመትን በቁጥር አትጠይቁ። «ከዚህ በር ምን ያህል ያንስ ነበር? ከወንድሙ ይበልጣል?» ብላችሁ ወንድሙን ለኩ። ጥርሱ እየታየ የሚስቅበት ፎቶግራፍ ካለ ከመታወቂያው ፎቶግራፍ ይበልጣል። ፎቶግራፉን እዚያው ቅጂ አንሥታችሁ መልሱት፤ ቤተሰቡ ያለው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሐኪም ካርድ፣ የጥርስ ሕክምና ራጅ፣ አካሉ ውስጥ የገባ ብረት ካለ የቀዶ ሕክምናው ማስረጃ፣ የጣት አሻራ ያለበት ማንኛውም ሰነድ ይፈለግ።

ጠያቂው አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኝቶ አይሂድ። በመጀመሪያው ቀን የማይታወስ በሦስተኛው ይታወሳል። መጀመሪያም ምን ልታደርጉ እንደምትችሉና እንደማትችሉ ተናገሩ፤ «በቅርቡ እናገኘዋለን» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ዝርዝሩ ደግሞ ተቆልፎ ይቀመጥ። የሟቾችና የፈላጊዎች ስም በአጥፊዎች እጅ ከገባ የአዲስ በቀል ዝርዝር ይሆናል።

7. ማመሳከር

ዓለም አቀፉ ፖሊስ ኢንተርፖል በቀዳሚነት የሚቀበላቸው የመለያ መንገዶች ሦስት ናቸው፦ የጣት አሻራ፣ የጥርስ ንጽጽርና ዲኤንኤ። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ልብስና ንብረት ድጋፍ ሰጪ ናቸው። የቤተሰቡን መረጃ በቢጫ ቅጽ፣ የአስከሬኑን በሮዝ ቅጽ መያዝም የኢንተርፖል ልማድ ነው፤ ቀለሙ ባይኖራችሁም ሁለቱ መዝገቦች ለየብቻ ተይዘው በኋላ ጎን ለጎን ይነበቡ።

ስለ ዓይን ምስክርነት ግን አጥብቄ ልናገር። የአባት ዓይን እንዴት ይሳሳታል ይባላል፤ ይሳሳታል። ሞት ፊትን ይለውጣል፣ ሐዘንተኛ አስከሬኑን በወጉ አያይም፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ የሚቀብረው ይፈልጋል። በ2002 በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ 202 ሰዎች ሲሞቱ በዓይን ብቻ ተለይተው ከነበሩት መካከል ስህተት መኖሩ በኋላ በሳይንስ ታውቋል። ኮሶቮ ይበልጥ ታስተምራለች። ከጦርነቱ በኋላ፣ ዲኤንኤ ሥራ ላይ ሳይውል፣ ብዙዎች በዓይንና በልብስ ተለይተው ተቀበሩ፤ ዛሬ በዋና ከተማዋ በፕሪሽቲና የአስከሬን ማቆያ ከየትኛውም ፈላጊ ቤተሰብ ናሙና ጋር የማይገጥሙ ወደ 300 የሚጠጉ አጽሞች አሉ። ቤተሰቦቻቸው የሌላ ሰው አጽም ቀብረው ፍለጋ ስላቆሙ ናሙናም አልሰጡም ተብሎ ይገመታል።

አስከሬን ማሳየት የግድ ከሆነ ቤተሰቡን በተደረደሩ አስከሬኖች መካከል አታመላልሱት። አስቀድማችሁ መግለጫውን ተቀበሉ፣ ቀጥሎ የተመረጡ ፎቶግራፎች አሳዩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ አስከሬን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ። በምን እንዳወቁት በራሳቸው ቃል ይጻፍ።

የሚገጥሙትን ነጥቦች ብቻ አትቁጠሩ። አንድ የማይገጥም ነጥብ ከአሥር የሚገጥሙ ይበልጣል። ሰውየው የቀኝ የታችኛ መንጋጋ ጥርሱ በሕይወቱ ተነቅሎ ከነበረና አስከሬኑ ያ ጥርስ ካለው፣ ልብሱም ቀለበቱም ቢመሳሰል እሱ አይደለም።

8. ዲኤንኤ

በሐምሌ 1995 በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ በስሬብሬኒካ ከተማ 8,000 ያህል ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። ገዳዮቹ ወንጀሉን ለመሸሸግ ከጥቂት ወራት በኋላ መቃብሮቹን በማሽን ከፍተው አስከሬኖቹን ወደ ሌሎች ጉድጓዶች አጋዙ፤ የአንድ ሰው አጽም በተለያዩ መቃብሮች ተበተነ። በልብስና በጥርስ የተለዩት ጥቂት ነበሩ። በ1996 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጠፉ ሰዎች ኮሚሽን በ2001 የቤተሰብን ደም ከአጽም ጋር በስፋት ማመሳከር ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ፤ እስካሁን ወደ 7,000 የሚጠጉት ስማቸው ተመልሷል።

ከአጽም ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጭን አጥንት፣ ከጥርስ ወይም የውስጥ ጆሮን ከሚሸፍነው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት። ከቤተሰብ የሚወሰደው ግን ቀላል ነው፤ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚታበስ፣ ወይም ከጣት የሚወጣ ጠብታ ደም በልዩ ወረቀት ላይ። ናሙናው ይድረቅ፣ በወረቀት ይታሸግ፣ ሰጪው ለምን እንደሚውል ተረድቶ ይፈርም፤ ለሌላ ምርመራ እንደማይውልም በጽሑፍ ይረጋገጥለት።

ማን ይስጥ? ከሁሉ የሚሻሉት ወላጆችና ልጆች ናቸው። እነሱ ከሌሉ በርካታ ወንድሞችና እኅቶች። የትዳር ጓደኛ ብቻውን አይረዳም፤ ከልጁ ጋር ሲሰጥ ግን ከልጁ ዘር የራሱን ግማሽ ለይቶ ከጠፋው ወላጅ የመጣውን ግማሽ ያሳያል። በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፍ ዲኤንኤም ስላለ የእናት እናት፣ የእናት እኅትና የእሷ ልጅ ሊረዱ ይችላሉ። በአርጀንቲና ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን ከእናቶቻቸው የተነጠቁ ሕፃናትን ሲፈልጉ የነበሩት አያቶች የተጠቀሙት በዚህና በመሰል ዘዴዎች ነው፤ ለዚሁም በ1987 ብሔራዊ የዘረመል መረጃ ባንክ በሕግ ተቋቁሟል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ንድፍ ሥሩና ማን እንደሰጠ ምልክት አድርጉበት።

ዲኤንኤ የማይፈታው ነገር አለ። ሁለት ወንድማማቾች አብረው ጠፍተው ናሙና የሰጡት ወላጆች ብቻ ቢሆኑ ምርመራው «የእነዚህ ወላጆች ወንድ ልጅ» ከማለት አያልፍም። ታላቁ ነው ታናሹ? እዚህ ላይ የእናቲቱ «ይችኛዋ በይቺኛዋ ላይ ትወጣለች» ያለችው፣ የአጥንቱ ዕድሜ፣ ወይም ከሁለቱ የአንዱ ልጅ የሚሰጠው ናሙና ይፈርዳል። መዝገቡ ካልነበረ ዲኤንኤ ብቻውን አያድንም። ሌላም ስሱ ነገር አለ፤ ምርመራው አባት ተብሎ የሚታወቀው አባት አለመሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ይህ ለማን እንደማይነገር ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት ተወስኖ ይጻፍ።

ዓለም አቀፉ የጠፉ ሰዎች ኮሚሽን አንድን ግጥምጥም ለመቀበል ቢያንስ 99.95 በመቶ እርግጠኝነት ይጠይቃል። ከዚያ በታች የሆነ ውጤት ይቆያል፣ ተጨማሪ ዘመድ ይፈለጋል።

9. የቆየ መቃብር ሲገኝ

የሰመጠ መሬት፣ ከአካባቢው የተለየ ሣር፣ የእረኛ ምስክርነት፣ የቆየ የአየር ፎቶግራፍ መቃብር ያመለክታሉ። ካገኛችሁ አትቆፍሩ። ቦታውን መዝግቡ፣ አጥሩት፣ አስጠብቁት፣ የመስካሪውን ስም በምሥጢር ያዙ።

በ1984 አርጀንቲና ወደ ሲቪል አስተዳደር በተመለሰች ማግስት የመቃብር ቦታዎች በችኮላ፣ በቡልዶዘር ጭምር ሲከፈቱ አጥንቶች ተሰባበሩ፣ ተቀላቀሉ፣ ማስረጃ ጠፋ። አሜሪካዊው የአጽም ተመራማሪ ክላይድ ስኖው በዚያው ዓመት ሄዶ የአገሩን ወጣት ተማሪዎች በአካፋ ሳይሆን በብሩሽና በትንሽ ማንኪያ መቆፈር አስተማራቸው፤ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው፣ በኋላም በብዙ አገሮች ሠርቷል። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ የጣት አጥንት፣ ጥርስ፣ የጥይት ቅሪት ከዚያ ይገኛሉ። ከዳሌ አጥንት ጾታ፣ ከጥርስ ዕድገት የልጅ ዕድሜ፣ ከጭን አጥንት ርዝመት ቁመት ይገመታል።

10. መርዶ

ውሳኔው የአንድ ሰው አይሁን። የመረመሩት ባለሙያዎች የደረሱበትን ሁሉ በአንድ ዘገባ አስቀምጠው ይፈርሙ። ከዚያ መርዶው በአካል ይነገር፤ በስልክ፣ በመልእክት፣ በተለጠፈ ዝርዝር አይሆንም። ቤተሰቡ የሚያምነው ሰው አብሮ ይሂድ፣ ጤናቸው የሚያሰጋ ካለ ሐኪም ይቅረብ።

በምን እንደተለየ በቀላል ቃል አስረዱ። ቤተሰብ የመጠራጠር መብት አለው፤ «እርግጠኛ ናችሁ?» ሲሉ አትቆጡ፣ መዝገቡን ክፈቱና አሳዩ። የተገኘው የአካሉ ከፊል ብቻ ከሆነ እዚያው ተነጋገሩ፦ አሁን ይቀብራሉ ወይስ ቀሪው እስኪገኝ ይጠብቃሉ? ወደፊት ሌላ ክፍል ቢገኝ በየጊዜው ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው? አንዱ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ይመርጣል፣ ሌላው ሁለተኛውን፤ መልሱ ተጽፎ ይፈረምበት። ልብሱንም ሳትጠይቁ አትጠቡ። እንዳለ የምትፈልግ እናት አለች።

11. ሳይለዩ የቀሩት

ሁሉም ስም አይመለስም። በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ፣ ጊሶዚ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ከ250,000 በላይ ሰዎች አርፈዋል፤ አብዛኞቹ በተናጠል አልተለዩም፣ በግድግዳው ላይ ግን የታወቁ ስሞች ይጻፋሉ። የሟቾች አጽም መለየት ባይቻል እንኳ የጠፉት ስም ዝርዝር ተሟልቶ ሊቆም ይችላል።

ያልተለየ ሰው በራሱ መቃብር፣ በራሱ ቁጥር ይቀበር፤ ናሙናው በቤተ ሙከራ ይቆይ፣ መዝገቡ አይዘጋ። በቆጵሮስ የግሪክና የቱርክ ማኅበረሰቦች በጋራ የሚሠሩበት የጠፉ ሰዎች ኮሚቴ የተቋቋመው በ1981 ነው፤ ከተመዘገቡት 2,002 ጠፍተው የቀሩ ሰዎች ከ1,000 በላይ የሆኑት የተለዩት ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ በጀመረው ቁፋሮና ምርመራ ነው። በመካከሉ ስንት ወላጆች አለፉ! ስለዚህ ቤተ ሙከራ ገና ባይኖራችሁም፣ መቃብሩም ገና ባይገኝ፣ ፈላጊዎቹን በዕድሜ ደርድሯቸውና በዚህ ሳምንት ከአንጋፋዎቹ ጀምሩ። የሰለጠነ የጤና ሠራተኛ ከጉንጫቸው ናሙና ይውሰድ፣ ይድረቅ፣ ስማቸውና የሚፈልጉት ሰው ስም ይጻፍበት፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ።